ያልተፈታው ጥሩር

ትናንት ፀጉሬን ልቆረጥ ገብቼ፣ አስተካካዩ ጨርቁን ሲያስርልኝ ቴሌቪዥኑ ላይ ብረት የለበሱ ሰዎች በከዋክብት መሀል ይዋጋሉ። አስተካካዩ እነሱን ሲያይ ግማሽ ጭንቅላቴን ረሳው። አልተቆጣሁም። እኔም አንድ ሰሞን ዶሃ ውስጥ የጠፈር ጦረኛ ነበርኩ። ሳቁ፤ ግድ የለም።

ዌስት ቤይ በሚባለው የዶሃ ሰፈር ያሉት ሕንጻዎች ገና ወደ ላይ በሚያድጉበት ዘመን ነው። ዶሃ የሄድኩት ታናሽ እህቴን ዘይነብን ተከትዬ ነበር። እሷ ዐይን ኻሊድ የሚባል ሰፈር የሰው ቤት ትሠራለች፤ መምጣቴን ግን አታውቅም። ብደውል ማዳሟ አነሳች። በተሰባበረ ዐረብኛ ወንድሟ ነኝ አልኳት።

«ሁሉም ወንድሟ ነኝ ነው የሚለው። ደግመህ ብትደውል አገሯ እልካታለሁ!» ብላ ዘጋችብኝ።

በእሷ ደመወዝ የሚኖሩ ወላጆች አሉን፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እዚያው ዶሃ፣ ኦልድ ኤርፖርት በሚሉት ሰፈር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ክፍል ተጋርቼ፣ ምስር የፈሰሰበት ሩዝ እየበላሁ ከረምኩ። ዓርብ ዓርብ ሁሉም ወደየወገኑ ይሄዳል። እኔ ልብስ በሚያጣብቀው የባሕር ወበቅ ውስጥ ብቻዬን እዞራለሁ። ሰው አማረኝ ይባል የለ? እንደዚያ ነበርኩ።

የማጸዳበት የገበያ ሕንጻ ለዒድ የልጆች ትርዒት ሲያዘጋጅ፣ እስከዚያ ድረስ አምፖል ከመቀየር ሌላ ያልጠቀመኝ ቁመቴ ለጦረኛነት አስመረጠኝ። አዘጋጁ ሊባኖሳዊ ነው፤ ተረቱን ራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። ሩቅ ኮከብ ላይ የሚኖሩ ጦረኞች አሉ። ጥሩራቸው፣ የብረት ልብሳቸው ማለት ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የጎደጎደ ቦታ ቢኖረውም አይቃናም፣ የተመታበት ቀን እንዳይረሳ። ዘለበቱ ከጀርባ ስለሆነ ደግሞ ጦረኛው ራሱ አይፈታውም። የሚፈታለት ዘመዱ ነው።

«ዘመድ የሌለውስ?» አልኩት።

«ከነጥሩሩ ይቀበራል፤ በቃ፣ ኸላስ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሥራዬ ተንበርክኮ አንገትን መድፋት ነው። አንድ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ ዘለበቱን ይፈታል፤ ለዚያች ቀን ዘመዴ ሆኖ ቸኮላት ይሸለማል። መናገር ክልክል ነው።

በዒዱ ማግሥት በራስ ቁሩ ቀዳዳ ሳይ ዘይነብ መጣች። ከስታለች። የማዳሟን ትንሽ ልጅ እጇን ይዛለች፤ ማዳም ከኋላቸው ናት። ልጅቷ ዘለበቱን ብትታገል አቃታት።

«ያላ ዘይነብ፣ ፍቺላት!» አለች ማዳም።

የእህቴ እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«ዘይኑ፣ እኔ ነኝ። ሰይድ ነኝ» አልኳት በሹክሹክታ።

እጇ ቀጥ አለ። ልዞር ስል የፈታችውን ዘለበት መልሳ ቆለፈችው። ከቀድሞው ይልቅ አጠበቀችው።

«ማዳም፣ ዘለበቱ እንቢ ብሏል» አለች በዐረብኛ፤ ልጅቷን እየጎተተች ሄደች። ዞራ አላየችኝም።

የዚያን ቀን ጥሩሩን የፈታልኝ ሌላ የጽዳት ሠራተኛ ነው። እህቴ አፈረችብኝ ብዬ ደመደምኩ። ካለማግኘት ይልቅ አግኝቶ መገፋት እንደሚከፋ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ውሌ እስኪያልቅም የዶሃ ሰው ሁሉ ጀርባውን የሰጠኝ መሰለኝ።

ዛሬ ዘይነብ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ የልጆች እናት ናት። ያንን ቀን አንስተነው አናውቅም ነበር። ከፀጉር ቤቱ ወጥቼ ግን ደወልኩና ጠየቅኋት።

«ሳትናገርም ዐውቄህ ነበር፣ ወንድምዬ» አለችኝ። «ስታጎነብስ ከራስ ቁሩ በታች ማጅራትህ ላይ ያለችው ጠባሳ ታየችኝ።»

«ታዲያ ለምን መልሰሽ ቆለፍሽው?»

«ብትዞር ፊትህን አያለሁ። ፊትህን ካየሁ አለቅሳለሁ። ማዳም ደግሞ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።» ሳቀች። «ከዚያ ወዲህ ግን ምን ቢሉኝ አይከፋኝም ነበር። እዚሁ ከተማ ወንድም አለኝ እል ነበር፤ ማታ ማታ እሱን እያሰብኩ ነበር የምተኛው።»

ስልኩን ዘግቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለታችን ብቸኛ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይሁን፤ እሱንስ እኔ ልቻለው።