የታሰረችው ፍየል ፎቶ

ኮሮና ከመግባቱ በፊት ጅጅጋ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። በየዓመቱ የግድግዳ ካላንደር እናሳትማለን፤ ማንም ቅር እንዳይለው ወሮቹ ለየዞኑ ይደለደላሉ። ጥር ለጀረር ዞን ደረሰ። ከጀረር ደግሞ አንድም የረባ ፎቶ አልነበረኝም።

በድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ ሊወጣ ሲል የተያዘ አቦሸማኔ ከጅጅጋ ዳር በሽቦ አጥር ውስጥ ይኖር ነበር። ጠባቂውን ለምኜ ገባሁ። ይዤ የሄድኳትን ፍየል የኋላ እግሯን በሲባጎ ከችካል ጋር አሰርኩና ሲባጎውን አፈር አለበስኩት። አቦሸማኔው ማደን አያውቅም። ጉሮሮዋን መያዝ ሲያቅተው ከሆዷ ጀመረ፤ እየጮኸች፣ ነፍሷ ሳትወጣ አንጀቷን ጎተተው። እኔ ሌንሴን አስተካክል ነበር። ከፎቶው ሥር "አቦሸማኔ በአደን ላይ፣ ጉናጋዶ" ብዬ የጀረርን ወረዳ ስም ጻፍኩ። አለቆቼ አሞገሱኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ጥር ሳያልቅ ጉናጋዶ አቅራቢያ አቦሸማኔ ተገደለ ተባለና ከአንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ጋር ፎቶ እንዳነሳ ተላክሁ። አቦሸማኔዋ ሴት ናት። ጭንቅላቷ በዱላ ደቅቆ አንድ ዓይኗ ወጥቷል። ጡቷ ወተት አግቷል፤ ሁለቱን ግልገሎቿን አጠገቧ በድንጋይ ቀጥቅጠዋቸዋል። የገደሏት ሽማግሌ አርብቶ አደር ናቸው፤ ክንዳቸው ተቦጭቆ በደም በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ባለሙያው በሕግ እንደሚጠየቁ ሲነግራቸው ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ ፎቶ ያለበት የካላንደሩ የጥር ገጽ ነው። ፍየሎች ሲጠፉባቸው ከርመው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ይህን አዩ፤ ሌባዋን አገኘኋት ብለው ፍለጋ ወጡ።

"መንግሥት ራሱ አይቷታል" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "እኔን ለምን ትይዛለህ?"

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። ሥራዬን ማጣትም፣ የሽማግሌው ዱላም አስፈራኝ። ዝም ብል ደግሞ በእኔ ውሸት እየማሉ ፍርድ ቤት ሊቆሙ ነው።

"አዴር፣ አጎቴ፣ ፎቶው እዚህ አልተነሳም" አልኳቸው። "ጅጅጋ፣ አጥር ውስጥ ነው። ፍየሏን ያሰርኳት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ በደህናው እጃቸው ዱላቸውን አንስተው ትከሻዬን መቱኝ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ። ባለሙያው ሊይዛቸው ሲል ተዋቸው አልኩት። ደግመው ግን አልመቱኝም። ግልገሎቹን ሲያዩ ቆዩ።

"እነዚህን ታዲያ ለምን ገደልኩ?" አሉኝ።