በቀን ስድስት፣ በሌሊት አራት

ሐምሌ 3 ቀን ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊማሊሞ ተናደ። ሠላሳ ስድስት ሜትር መንገድ በአፈር ተቀበረ፤ የእግር መንገዱም አብሮ ሄደ።

ለእረፍት ደባርቅ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። እህቴ ከናዳው ማዶ፣ ዛሪማ ናት፤ ከዚያ ወደ ጎንደር የሚያመጣው መንገድ ይኸው ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሁለተኛውን ጎንደር ሆስፒታል እንድትወልድ ታዝዛለች። ቀኗ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ዶዘር አልተገኘም። ገበሬ ማኅበሩ ዶማና አካፋ የያዙ ሰዎች ላከ። ቀን ስድስት ሜትር ጠረጉ፤ ሌሊት ዝናቡ አራቱን መለሰው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሥራውን የሚመራው ካቦ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነበር። ጭቃው ላይ በእንጨት ጻፈልኝ፤ ቀኑን «ቀ» ብሎ፣ የሚጠረገው 6ቀ፣ የሚከመረው 36 + 4ቀ። የሚጠረገው የሚበልጠው «ቀ» ከ18 ሲያልፍ ነው።

«ለእህትህ ይደርሳል» አለኝ። እኔም አሰላሁት። ስሌቱ ልክ ነው።

ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። አንድም ሰው ዶማ አላነሳም። ሽማግሌያቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይህንኑ ሊነግሩን መጡ።

«አፈር መጥረግ እርሻ ነው እንዴ፣ አባቴ? ተራራው በዓል ያከብራል?» አለ ካቦው።

«እሱ መቼ ተጠመቀ፣ ጓድ። የተጠመቅነው እኛ ነን።»

አጠገባቸው የቆሙት ሳቁ። የእህቴን ነገር ነገርኳቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ነገ ገና ሳይነጋ እንመጣለን» አሉኝ።

መጡም፤ ስድስት ሜትር ጠረጉ። በ7 ሥላሴ ሆነ። ቀጥሎ እሑድ መጣ። በሳምንቱ የተሠራው አራት ቀን ነው፤ የተጠረገው ሃያ አራት ሜትር፣ በሰባቱ ሌሊት የወረደው ሃያ ስምንት። ካቦው እንደገና ሊጽፍ ጎንበስ አለና እንጨቱን ጣለው። በዚህ አያያዝ የሚጠረገው የሚበልጥበት ቀን የለም።

ልሻገር ሞከርኩ። እስከ ወገቤ ሰመጥኩ፤ በጠፍር ስበው አወጡኝ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ከጫፉ ላይ ቆሜ ማዶ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። የእህቴ ባል አንዳንድ ቀን ብቅ ይልና «ደህና ናት!» ብሎ ይጮኻል።

ሐምሌ 21 ማርያም ናት፤ የሚቆፍር አልነበረም። አራት ሰዓት ገደማ ባሏ ማዶ ብቅ አለ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«ልጁ ተርፏል!» ብሎ ጮኸ።