ከነጩ ውስጥ የሚለቀም ጥቁር ፀጉር

እናቴ የበግ ፀጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ለሚሸምኑ ሰዎች ሞላሌ ገበያ ትሸጥ ነበር። ወፍራም ነበረች። ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል» ይላታል፤ እኛም እንኮራባት ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከነጩ ፀጉር ውስጥ ጥቁር መልቀም ጀመረች። «ማነው የደባለቀብኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፀጉሩ እንደ ውርጭ የነጣ ነው፤ አንድም ጥቁር የለበትም። እሷ ግን ባዶውን እየቆነጠረች ወደ ጎን ትጥላለች፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለች።

ዓይነ ጥላ ነው ተብሎ ጠበል ስትጠመቅ ከረመች። ደብረ ብርሃን ለሐኪም ያሳየናት ጨርሶ ከጨለመባት በኋላ ነው። ስኳር በሽታ ኖሮባት የዓይኗን ደም ሥሮች አድምቷቸዋል፤ ጥቁር ፀጉር መስሎ ይታያት የነበረው የገዛ ደሟ ነው። «ተመችቶሻል» ሲሏት የኖሩት ሰዎች ሊጠይቋት መጥተው «ምን ነካት?» ይሉኛል።

ዛሬ እኔም በውፍረት እሷን አክያለሁ። ስኳሬን ተለክቼ አላውቅም፤ ለምን እንደማልለካ ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው እሑድ ጋቢዬ ላይ ያረፈ ጥቁር ፀጉር ላነሳ ስል ባለቤቴ እጄን እያየች ቆየች።

«ከቅድም ጀምሮ ምንድን ነው የምትለቅመው?» አለችኝ።