መስመር የተሰመረበት ጠርሙስ

የጆሮ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የፋብሪካ ደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ጭኗ ላይ ያንቀላፋችው ልጇ ጆሮዋን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት አሥር ቀኗ ነው፤ የተወተፈላት ጥጥ መግል አዝሏል። እናትየው ባዶ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ጠርሙስ ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ለየቀኑ የሚወሰደውን ልክ በእስክሪብቶ አስምራበታለች።

«ሥራ ስለምውል ለእናቴ ነበር የምተዋት» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ልጅቷ አልወስድም ብላ ስታለቅስ የእናቴ አንጀት አልችል ብሏት፣ በየቀኑ እስከ መስመሩ እየለካች ስትደፋው ከርማለች። ትናንት የመጨረሻዋን ስትደፋ ደረስኩባት። እኔ እኮ ከሥራ ስገባ መስመሩን አይና የእናቴን ጉንጭ እስም ነበር።»

ስልኳ ጠራ። «እማዬ» ይላል። አላነሳችውም።

ተራዋ ደርሶ ነርሷ እዚያው በሩ ላይ ጥጡን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «መድኃኒቱን ማን ነው የሚሰጣት?»

«እኔ ነኝ። እየረሳሁ ነው።»

ነርሷ አፏ እንዳመጣላት ተናገረቻት። እናትየው አንገቷን ደፍታ ሰማች። አዲሱን ጠርሙስ ስትቀበል ግን እስክሪብቶዋን አላወጣችም፤ ጠርሙሱን ደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት።