በፈረቃ የበራው መንገድ

እናቴ ከሐረር ደውላ “የምትኖሪበትን ሳላይ ልቤ አያርፍም፤ ካልወደድኩት ዝውውር ጠይቀሽ ትመለሻለሽ” አለችኝ። ፎቶ ብልክላት፣ ፎቶ ደህና ደህናውን እየመረጠ ነው የሚያሳየው ብላ አላመነችም። እኔ ደግሞ ቢቸናን ለምጃለሁ፤ ተማሪዎቼንም ደብሩንም ትቼ መሄድ አልፈለግሁም። ከእናቴ ጋር የምትኖረው እህቴ በኮምፒውተሯ የምትጫወተው ጌም ሰው የራሱን ሰፈር እንዲሠራበት ይፈቅዳል። መንገዳችንን ከነአጥሩ፣ ከነቦዩ ሠርቼ ብልክላት እናቴ ከእህቴ ጎን ተቀምጣ ትመላለስበታለች አልኩ።

ጌሙ ውስጥ ጊዜው ምሽት ነው። አጥሩ ቀላል ነበር፤ ፍዳዬን ያሳየኝ መብራቱ ነው። እዚያ አምፖል ስለተሰቀለ ብቻ አይበራም፤ ብርሃኑ ለብቻው ይተከላል፣ ከዚያ ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር ይያያዛል። በዚያ ላይ በእውነተኛው መንገዳችን ካሉት አራት ምሰሶዎች የሚበራው አንዱ ብቻ ነው። አራቱንም ባበራ ውሸት እንዳይሆንብኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። አባ ጥቂት አሰቡና የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሻማ አይቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። አይቻለሁ አልኩ።

“ታዲያ ሠዓሊውን ውሸታም ያለው ማን ነው?”

አራቱንም አበራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አከራዬና ከፊት ለፊት የሚኖሩት የሞጣዋ ጨርቅ ነጋዴ ሊያዩ መጡ። አከራዬ ደጃቸው ጨልሞ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እናትሽ ስትመጣ ደጄ ላይ ትደናቀፍ ወይ አሉኝ። እውነት አላቸው ብዬ አንድ መብራት ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ግን በአንድ መንገድ ላይ ከአራት በላይ አያበራም። የአከራዬ ደጅ ሲበራ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ደጅ ጠፋ።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት፤ ማን ከማን ሳበ እየተባባሉ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤታችን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“በዚህ ከእኔ ስትስቢ መኖርሽ አነሰና እዚያም ተከተልሽኝ?”

“ሞጣ ሳለሽ በኩራዝ አልነበረም እንዴ የምትኖሪው?” አሉ አከራዬ።

እዚያ ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሁለቱም አዘኑልኝ። አስተማሪ ሆና መብራት ከቆጣሪ እንደሚመጣ አታውቅም ተባባሉ፤ በዚያ ሳምንት የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር። ከዚያ ሰላምታ አቋረጡ።

አባ ሊያስታርቁ መጡ። የሁለቱንም ቃል ሰሙ፣ ኮምፒውተሩንም ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ በፈረቃ ይሁን ብለው ፈረዱ። መብራቱ በየሁለት ደቂቃው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው እንዲዛወር አደረግሁ። አከራዬ በሰዓታቸው ቆጠሩ፤ ጎረቤታችን የአከራዬን ሰዓት ስላላመኑ የራሳቸውን አመጡ።

እናቴ መንገዳችንን በእህቴ ኮምፒውተር ያየችው በሚቀጥለው እሑድ ቀትር ላይ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እናቴ ቦዩን፣ አጥሩን አመሰገነች። የአከራዬ ደጅ ስትደርስ ጨለመባት፤ ፊት ለፊት ደግሞ በራ።

“ምንድን ነው ይሄ? እንዲህ ነው የምትኖሪው?”

ኮምፒውተሩ ነው ማለት እችል ነበር። መዋሸት ግን አልሆነልኝም፤ ከቆጣሪው እስከ ፈረቃው ሁሉንም ነገርኳት። አከራዬ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ዝውውሩ መጣ ብዬ በልቤ እመቤቴን ተማጸንኩ።

“እኔ ለምገባበት ደጅ ነው የተጣሉት? ገና ሳልመጣ?”

“አዎ እማዬ።”

“በይ እዚያው ኑሪ። አንቺን የሚጥሉ ሰዎች አይደሉም።” ቀጥላም “ደግሞ በምሽት ለምን ታስገቢኛለሽ? ሰው ቤት የሚገባው በቀን ነው” ብላ ተቆጣች።

ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን መብራት በሙሉ አጥፍቼ ጌሙን ጠዋት አደረግሁት። ጎረቤታችን እልል አሉ። አከራዬ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ፀሐይዋ በማን ቤት በኩል እንደምትወጣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።