መፍጫው ያልተነሳበት ቅዳሜ

የጁስ መፍጫ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር የደረቅ ቅል ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይመጣል። አትሳቁብኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ወንድሜና ጓደኞቹ ዋዛ ይነፉ ነበር። ዋዛ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው፤ አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማ የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። አንድ ዘፋኝ ኪቦርድ ይዞ ተቀላቀላቸውና ባንድ ሆኑ። ግን አሶሳ ውስጥ ማን መድረክ ይሰጣቸዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው በፀሐይ በሚግል አንድ ጁስ ቤት፣ በስድስት ጠረጴዛ መሃል ጀመሩ። ልክ ዘፈኑ ሲጥም የጁስ ቤቱ ባለቤት መፍጫውን ታስነሳለች። ግርርር!

"እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ታገሺን!" ይላል ወንድሜ።

"ቅልህ ልጆቼን አያበላልኝም!"

ሰው ሁሉ ይስቃል። እነሱም ይጠብቋታል፤ ስታቆም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ሆሞሻ ድረስ ለሠርግ ተጠሩ፤ ጁስ ቤቱ በር ላይም ቆሞ የሚሰማው በዛ። በመጨረሻ አንድ ባለ ሆቴል፣ "በሚቀጥለው ወር መጥቼ እሰማችኋለሁ። ከወደድኳችሁ መድረኬ የእናንተ ነው" አለ። ወንድሜ ያን ቀን እስከ ቤት እየዘለለ ነው የሄደው።

ከዚያ ለአዲስ ዋዛ የሚሆን ቅል ሊያመጣ ኩርሙክ ሄደ። ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ፤ አልተረፈም።

ባለ ሆቴሉ በቀጠሮው ቅዳሜ ጁስ ቤቱ መጣ። ከነፊዎቹ በዕድሜ ትልቁ የወንድሜን ዋዛ አቀበለኝ።

"ቦታውን ታውቂዋለሽ። አንቺ ንፊ።"

አውቀው ነበር፤ ቤት ሲለማመድ አብሬው እቆጥር ነበር። ዜማው ተነሳ፣ ዞረ፣ የእሱ ቦታ ደረሰ። የወንድሜ ከንፈር ያለሰለሰውን የዋዛውን አፍ ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት። አልነፋሁም። ቦታው ባዶውን አለፈ። ዜማው ዞሮ መጣ፤ አሁንም ባዶ። ማንም ሊሸፍነው አልሞከረም።

ቀና ብዬ ባለቤቷን አየኋት። መፍጫው ማንጎ ሞልቶ ፊቷ ተቀምጧል፣ ጣቷ ማብሪያው ላይ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተጫነችውም፤ ጁስ ያዘዘም አልጠየቃትም።

"ጎበዞች ናችሁ" አለ ባለ ሆቴሉ እየተነሳ። "የጎደለውን ሞልታችሁ ኑ።"

አልሄዱም። ዘፋኙ ሥራ ፍለጋ ከተማውን ለቀቀ፤ የወንድሜ ዋዛ እኔ ጋ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ጁስ ቤቷ ገብቼ ማንጎ አዘዝኩ። አወቀችኝ። መፍጫውን ከማስነሳቷ በፊት ትንሽ ጠበቀች።