በጨለማ የተጻፈ ደብዳቤ

ጅጅጋ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ በየሐሙሱ አንዲት ሴት ትመጣለች። ሳምቡሳ ሻጭ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ከጣለችው ጋርባሳር ጫፍ ዱቄት አይጠፋም። ከጉያዋ የምታወጣው በወታደር ብስኩት ካርቶን ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ከመሬት በታች ካለ ምሽግ፣ መብራት ስለተከለከለ፣ በዳበሳ ጽፎ የላከላት ነው። መስመሮቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል።

«አጉላልኝ» ትለኛለች። ከዚያ የጎላውን ቅጂ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማለች። ባለፈው ሳምንት የተገኘው «ሳምቡሳሽን በሕልሜ» የሚል ብቻ ነበር። ሰውየው ተመልሶ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ ግን አሳዘነችኝና «እህቴ፣ ተዪው፤ ይሄ አይነበብም» አልኳት።

ቀና አለች። «እሱ በጨለማ መጻፍ ካላቃተው፣ እኔ በጠራራ ፀሐይ ማንበብ ሊያቅተኝ ነው?»